የአቶ ዳና ልጅ ሰርግና የጋለው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሜላት ከሐዋሳ በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። ምህንድስና ትማራለች፤ በትርፍ ጊዜዋ የራሷን ኮምፒውተር እየገጣጠመች ነው። በአንደኛው ፎቶ እንደ ፎቅ ቀጥ ብሎ የቆመ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ አለ፤ በሌላው ሰፋ ብሎ ዝቅ ያለ፣ ፋኑን ወደ ታች የደፋ። «አክስቴ፣ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ላደርገው ነው። ከሁለቱ የትኛውን ልግዛ?» ይላል ከሥሩ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማንጎ እየላጥኩ ነበር። ቢላውን አስቀመጥኩት። እጄ ያለ ምክንያት ቀዝቅዟል።

«ዝቅ ያለውን» ብዬ ጻፍኩላት።

«ለምን?» አለችኝ ወዲያው።

ያ በስልክ ተጽፎ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። «ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ» ብዬ ወደ ማንጎዬ ተመለስኩ። ሐሳቤ ግን እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያ አጠገብ ከነበረችው ሱቃችን አልወጣ አለ።

ሱቋ የእኔና የታላቅ ወንድሜ የዳንኤል ነበረች። ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሰርግን በቪዲዮ ማስቀረጽ በአርባ ምንጭ ፋሽን ሆኖ ነበር፤ ዳንኤል ይቀርጻል፣ እኔ አቀናብራለሁ። ካሜራውን የምንከራየው ከሶዶ ሲሆን ኮምፒውተሩ ግን የራሳችን ነበር፤ ዳንኤል ዕቃ በዕቃ ከአዲስ አበባ እያስመጣ የገጣጠመው። ሱቋ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በኮምፔንሳቶ የተከፈለች ጠባብ ክፍል ናት። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ነጋዴ የጨንቻ ጋቢ፣ ቡሉኮና የጥጥ ክር እስከ ጣሪያ ድረስ ከምረው ይሸጡ ነበር። አባታችን ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሱቋን መጀመሪያ ያየ ቀን ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ፣ «ልጆች፣ ይህ እኮ ክብሪት ነው» አለን። ዳንኤል ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ነገር ማሽተት ነበር።

የምፈራው ያለ ነገር አይደለም። ዳንኤል ኮምፒውተሩን ኦቨርክሎክ አድርጎት ነበር። ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን፣ ያንን የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ማስገደድ ነው። ይሮጣል፤ ሲሮጥ ግን ይግላል። ቀዝቃዛ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የመጋቢት ሙቀት ወፉን ሁሉ ከኒም ዛፍ ሥር በሚሰበስብበት፣ ቆርቆሮው ቀትር ላይ ጧ ጧ እያለ በሚለጠጥበት ከተማ ግን ቀላል አልነበረም። ፕሮሰሰሩ ላይ የነበረው ማቀዝቀዣ አብሮት የመጣው ትንሽዬ ነው። ሥራ ሲበዛበት ፋኑ እንደ ተናደደ ንብ ይጮኻል። አንዳንዴም ኮምፒውተሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቀጭ ብሎ ይጠፋል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። መጀመሪያ የወረደችው አስቴር ነበረች፤ ጥር ላይ ደጋው ጨንቻ ድረስ ወጥተን ሰርጓን የቀረጽንላት ልጅ። ተከትለዋት ሁለት ጋቢ ደራርበው የለበሱ፣ ፊታቸው የከሳ ረጅም ሽማግሌ ወረዱ። አባቷ አቶ ዳና ነበሩ። በወጣትነታቸው ሸማኔ፣ በኋላም የጋቢ ነጋዴ የነበሩ፣ በጨንቻ ገበያ ስማቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ልጃቸው ስትዳር ግን እሳቸው እዚህ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተኝተው ነበርና ሰርጉን አላዩትም። እኛ በዚያ ሙቀት በላብ ተነክረን ተቀምጠናል፤ እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ወንበር ሰጠኋቸው።

«የልጄ ሰርግ አልቋል?» አሉኝ።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ አባባ። ሙዚቃ እየጨመርንበት፣ እያሳጠርነው ነው።»

«አታሳጥር» አሉኝ። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛቸው ላይ ሴትና ወንድ ይቀያየርባቸዋል። «ሙዚቃም አልፈልግም። ካሜራው ያየውን ሁሉ ስጠኝ። አንድም አትቁረጥ።»

«ረጅም ነው እኮ፣ አባባ። ሰዓታት ይፈጃል።»

«እኔ አሁን ምን ሥራ አለኝ?»

አስቴር በክንዴ ይዛ ወደ በሩ ወሰደችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «እሁድ ንጋት ላይ አዲስ አበባ እንወስደዋለን። ኦፕሬሽን ነው፤ ቀጠሮው ከስንት ልመና በኋላ የተገኘ ነው» አለችኝ ድምፅዋን ቀንሳ። «እሱ ደግሞ ሰርጉን ሳላይ ሆዴን አላስከፍትም ብሏል። አባዬን አታውቂውም፤ አልሄድም ካለ አይሄድም። መሲ፣ በእናትሽ!»

ለምን ሳይቆረጥ እንደፈለጉት እሷም አታውቅም። የሕመምተኛ ነገር ነው ብላ ነበር የተወችው። እኔም እንደዚያው። ባጃጁ ሲሄድ ግን ከአሁን በኋላ የሰውየው ሕይወት በእኛ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ።

አሁን አስቸጋሪውን ነገር ልናገር። በዚያ ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበር። የእኛ ሰፈር ቀን ላይ ያገኝና አመሻሽ ላይ ይጠፋበታል፤ ደግሞ በማግስቱ ጭራሽ አይኖርም። ቪዲዮውን ወደ ዲቪዲ ለመቀየር ኮምፒውተሩ ሬንደር የሚባለውን ሥራ መሥራት አለበት፤ ምስሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያመሰኳ ለዲስኩ እንዲመች አድርጎ ማዘጋጀት ነው። መሐል ላይ ከተቋረጠ ሌላ ጊዜ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ያን ሁሉ ሰዓት የሚፈጅ ሰርግ በፋብሪካው ፍጥነት ከሠራነው መብራቱ ሳይጠፋ አያልቅም። ኦቨርክሎክ ካደረግነው ይደርሳል፤ ግን ሙቀቱን አይችለውም። ጄኔሬተር ያላቸው ደግሞ ባንኮቹና ትላልቆቹ ሆቴሎች ብቻ ነበሩ።

እንደሄዱ ጀመርን። ቀትር ላይ ፋኑ ይጮህ ጀመር። የስክሪኑ ጥግ ላይ ሙቀቱን የሚያሳየው ቁጥር ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወስደውን የሴቻን ዳገት እንደሚወጣ ባጃጅ እያቃሰተ ወጣ። ከዚያ አንድ ሽታ መጣ፤ የጋለ ፕላስቲክ ዓይነት፣ ጉሮሮ የሚይዝ። «ዳኒ፣ አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ። እጁ ሳይደርስ ራሱ ጠፋ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኮምፔንሳቶው ማዶ ጋሽ ተሰማ ከደንበኛ ጋር ሲጨዋወቱ ይሰማኛል፤ ያ ሁሉ ጥጥ፣ ያ ሁሉ ክር። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ዳንኤል የኮምፒውተሩን ሽፋን ፈትቶ ውስጡን ሲያይ እኔም ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ሳላስበው ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉትን፣ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱለትን ትንንሽ ክፍሎች በጣቴ ነካሁ። ጣቴ ተለበለበ። «ፕሮሰሰሩ ብቻ አይደለም፤ ዙሪያው ሁሉ ነው የሚነደው» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ አዲስ አበባ ወዳለ ሱራፌል ወደሚባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ደወለ።

ሱራፌል ከሰዓት በኋላ ከአንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ሆኖ መልሶ ደወለልን። ለእኛ ፕሮሰሰር የሚሆኑ ሁለት ማቀዝቀዣዎች ብቻ አግኝቷል። ዳንኤል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አንዱ ረጅም ነው» አለ ሱራፌል። «የመዳብ ቱቦዎች አሉት፣ ፋኑ በጎኑ ነው። ብረቱ ከባድ ነው። ሻጩ ከዚህ የተሻለ የለም ይላል። ሌላው ዝቅ ያለ ነው፤ ፋኑ ከላይ ሆኖ ወደ ታች ይነፍሳል። እሱም ቱቦ አለው፣ ግን ያነሰ ነው።»

«ረጅሙን!» አለ ዳንኤል ሳያስጨርሰው።

«ቆይ» አልኩ። ከጋሽ ተሰማ የልብስ ሜትር ተውሼ መጣሁ። ከፕሮሰሰሩ እስከ ሽፋኑ ያለውን ቦታ ለካሁና ረጅሙ ስንት እንደሆነ ሱራፌልን ጠየቅኩት። ከቦታው በሁለት ጣት ያህል ይረዝማል። ሽፋኑ አይዘጋም።

«ክፍት እንተወዋለና!» አለ ዳንኤል።

«በዚህ አቧራ? እንሽላሊቱስ? ባለፈው ወር ኪቦርዱ ውስጥ የገባውን ረሳኸው?» አልኩት። «ደግሞ ኮምፒውተሩ ቋሚ ነው፤ ያን የሚያህል ብረት ማዘርቦርዱ ላይ በጎን ይንጠለጠላል። ቢሰነጥቀውስ?»

«አይሰነጥቀውም። ሰው ሁሉ የሚገዛው እሱን ነው፣ መሲ። ፕሮሰሰሩን በደንብ የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው።»

«ፕሮሰሰሩን አዎ። ዙሪያውንስ? የረጅሙ ነፋስ ወደ ጎን ነው የሚያልፈው። የዝቅተኛው ግን ታች ድረስ ይደርሳል። ጣቴን እየው!»

ዳንኤል ጣቴን አየ። ስልኩ ውስጥ ሱራፌል፣ «እናንተ ልጆች፣ ሰውየው ሊዘጋ ነው፤ ወስኑ» አለ። ዳንኤል ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ ውስጥ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀውን ነገር አየሁ። እሱም ፈርቷል። ከልጅነታችን ጀምሮ ዛፍ ላይ የሚወጣው፣ የኩልፎ ወንዝ ሲሞላ ዘሎ የሚገባው እሱ ነበር። እኔ ዳር ቆሜ የምጮኸው ነኝ። አሁን እሱ እኔን ይጠብቃል።

«ዝቅ ያለውን» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ፈለግኩ። ስህተት ከሆነ የሚቀየርበት ጊዜ የለም። ዕቃው በነጋታው በአውቶቡስ ይመጣል፤ ቅዳሜ መብራት አለ፤ እሁድ ንጋት ላይ ሰዎቹ ይሄዳሉ። በቃ። ያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ የሠራችው የሽፈራው ቅጠል በቦሎቄ አፌ ውስጥ እንጨት እንጨት አለኝ። ረጅሙ ይሻል ኖሮስ? ዝቅተኛው ባይገጥምስ? አቶ ዳና «አልሄድም» ብለው ቢቀሩስ? ሦስቱን ጥያቄዎች እያፈራረቅኩ ዓርብን ጨረስኩት። አመሻሽ ላይ መናኸሪያ ሄደን ካርቶኑን ከአውቶቡሱ ረዳት ስንቀበል እንደ እንቁላል ነበር በሁለት እጄ ያቀፍኩት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሱቅ ደረስን። መብራት ከመምጣቱ በፊት ማቀዝቀዣውን መቀየር አለብን። ዳንኤል የድሮውን ማቀዝቀዣ መያዣ ፈታና ወደ ላይ ሳበው። አልላቀቅ አለ። በማቀዝቀዣውና በፕሮሰሰሩ መካከል የሚቀባው ቅባት በሙቀት ብዛት ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። ግራ ቀኝ ነቀነቀው። ከዚያ ሳብ አደረገው፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና እጁ ወደ ላይ ተስፈነጠረ።

ፕሮሰሰሩ ከነማቀዝቀዣው ተነቅሎ መጥቷል። በመቀመጫው ተቆልፎ መቅረት የነበረበት ነገር፣ ከሥሩ ያሉት የፀጉር ያህል የቀጠኑ እግሮቹ ወደ ሰማይ ቆመው፣ ማቀዝቀዣው ላይ ተጣብቆ ይታየኛል። ጥጉ ላይ ያሉት እግሮች ተጣመዋል።

የዳንኤል ፊት አመድ መሰለ። ደጅ ላይ የሙዝ ጋሪ የሚገፉ ሰዎች እየተሳሳቁ ሲያልፉ ሰማሁ፤ በዚያች ቅጽበት ስለ ምንም የማይጨነቁትን እነዚያን ሰዎች እንዴት እንደቀናሁባቸው!

«የእኔ እጅ አይሆንም» አለ በመጨረሻ። እጁን ዘረጋልኝ፤ ይንቀጠቀጣል። የእኔ ጣቶች ቀጫጭን ናቸው። ፕሮሰሰሩን በቀስታ ካላቀቀው በኋላ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቼ በእግሮቹ ረድፍ መካከል አስገባሁና የተጣመሙትን አንድ በአንድ ቀና ማድረግ ጀመርኩ። አንዱ ከተሰበረ አለቀ። ትንፋሼን ይዤ እገፋለሁ፣ ቆም እላለሁ፣ ላቤን በትከሻዬ እጠርጋለሁ። ዳንኤል የእጅ ባትሪውን ይዞ ከንፈሩን እየነከሰ ይጸልይ ነበር። ያን ያህል ሃይማኖተኛ አልነበረም።

አንዱም አልተሰበረም። ፕሮሰሰሩን መልሰን መቀመጫው ላይ ስናስቀምጠው ያለ ምንም ግፊት ሰመጠ። የደረቀውን ቅባት አረቄ በነካ ጨርቅ ጠረግን፤ አዲሱን ቅባት የሩዝ ፍሬ የምታህል አድርገን ጣል አደረግን፤ ዝቅተኛውን ማቀዝቀዣ አስቀምጠን መያዣውን ቆለፍን። ገጠመ። ሽፋኑም ተዘጋ። መብራት መጥቶ ቁልፉን ስንጫነው አዲሱ ፋን ቀስ ብሎ ዞረ፤ ስክሪኑ በራ። ዳንኤል ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን በሙሉ መጠበቅ ነበር። ሬንደሩ ጀመረ፤ የሙቀቱ ቁጥርም ጀመረ። ወጣ፣ ወጣና ቆመ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል እንደገና ትንሽ ወጣ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ከሰዓት በኋላ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝና ብድግ ስል ወንበሩን ገለበጥኩት። «ምንድነው? ምን ሆነ?» አሉ ጋሽ ተሰማ ከማዶ። ዳንኤል በሩን ከፍቶ ወጣና ተመለሰ። ደጅ ላይ አንዲት ሴት በቆሎ እየጠበሰች ነው። ሁለታችንም ሳቅን፤ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

መብራቱ ሳይጠፋ አለቀ። ዲስኮቹን ጽፈን በጨርቅ ጠቅልለን በባጃጅ ወደ ሴቻ፣ ወደ አስቴር ቤት ወጣን። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱ ሐይቆች፣ ዓባያና ጫሞ፣ ከታች ይታዩ ነበር። ሌላ ጊዜ ባጃጁን አስቁሜ የማይ ነበርኩ። ያን ቀን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኦቨርክሎክ የተደረገ ፕሮሰሰር አንዳንዴ ሳይጠፋም ይሳሳታል፣ ምስሉን ያበላሻል። ዲስኮቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማየት ጊዜ አልነበረንም።

አቶ ዳና በአስቴርና በባሏ በበቀለ ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ሻንጣው በር ላይ ተዘጋጅቷል። ያን ምሽት የመብራት ተራው የሴቻ ነበር፤ ዲቪዲ ማጫወቻው አስቸጋሪ ስለሆነ ቆይታችሁ ክፈቱልን ተባልንና ተቀመጥን። ሰርጉ ጀመረ። ያ የጨንቻ ጉም፣ የቀርከሃው አጥር፣ ዳንኤል በብርድ እየተንዘፈዘፈ የቀረጸው ግቢ። አቶ ዳና ሙሽራዋን ብዙም አላዩም። ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግተው የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ነው የሚመለከቱት። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ። የአንዳንዱን ስም በሹክሹክታ ይጠራሉ።

ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣበት፣ የአባት ምርቃት የሚሰጥበት ቦታ ላይ ደረስን። ካሜራው ወደ አጥሩ ዞሯል፤ ዳንኤል እጁን ሊያሞቅ ሲል ሳያስበው ያዞረው ይመስለኛል። ከበሩ ዳር አሮጌ ጋቢ የለበሰ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ቀስ ብሎ ሰውን እያለፈ መጣ፤ እርጥብ ሣር ይዟል። አስቴር ፊት ደረሰና አፉን ከፈተ።

ምስሉ ቆመ። አረንጓዴ ካሬዎች ስክሪኑን ሸፈኑት። አበቃ አልኩ በልቤ፣ የፈራሁት ደረሰ። ድምፁ ግን አልተቋረጠም። ከካሬዎቹ ጀርባ የሽማግሌው ድምፅ በጋሞኛ ይመርቃል፤ ውለዱ፣ ክበዱ፣ ጎተራችሁ አይጉደል። ከዚያ ምስሉ ተመለሰ፤ ሽማግሌው ሣሩን የአስቴር ራስ ላይ አድርጎ፣ «አባትሽም በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለስ» አለ።

አቶ ዳና እጃቸውን አነሡ። «መልሰው» አሉኝ።

መለስኩት። እንደገና አዩት። «መልሰው።» አሁንም መለስኩት። አስቴር እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«የአባዬ ወንድም ነው» አለችኝ በጆሮዬ። «ሻንካ። በመሬት ወሰን ተጣልተው በስንት ዓመታቸው… ‹መጥቷል፣ አንተን ተክቶ መርቆኛል› ብለው፣ ‹ስለታመምኩ ልታጽናኑኝ ነው እንጂ ሻንካ ደጄን አይረግጥም› ብሎን ነበር።»

ለካ ሳይቆረጥ ያሉት ለዚህ ነበር። ቆርጠን ቀጥለን የምናታልላቸው መስሏቸው ነበር።

ደስ አለኝ ልል ስል አቶ ዳና ፍራሹ ላይ ቀና አሉ። «ሻንካን ሳላይ አልሄድም» አሉ።

«አባዬ! ቀጠሮው!»

«አልሄድም አልኩ።»

አስቴር ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ ነበር ፊቷ ላይ፤ ፍርሃት ቁጣ ሲመስል እንደሚሆነው። «ምን አመጣችሁብኝ?» አለችኝ። በቀለ ጃኬቱን ለበሰ፣ የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ከግድግዳው አነሣና ሻንካን ሊያመጣ ወጣ። የጨንቻን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዳገቱን፣ መታጠፊያውን፣ መንገዱን ከእጅ ላይ የሚነጥቀውን ጉም። የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ አሁን ደግሞ የምፈራው ለእሱ ነበር።

ንጋት ላይ ሳልጠራ ሄድኩ፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ሚኒባሱ ግቢው በር ላይ ቆሟል። አቶ ዳናን ለምነው አስገብተዋቸዋል፤ እሳቸው ግን በሩን አላስዘጋም ብለው ይዘውታል። ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል። ከዚያ ያ ሞተር ብቅ አለ። ከበቀለ ኋላ የተቀመጠው ሽማግሌ ጋቢው በጉም ርሶ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። ወረደና የሚኒባሱ በር ጋ ሲደርስ ቆመ። በጋሞኛ ነበር የተነጋገሩት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግኩት ቋንቋ ስለሆነ ይገባኛል።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«ብርድ ይዞሃል።»

«አልያዘኝም።»

«ግባ።»

ሻንካ ገባ። ቦርሳ አልያዘም፤ ልብስ አልቀየረም፤ አዲስ አበባን ከዚያ በፊት አይቶት እንደሆነም አላውቅም። አቶ ዳና ከላያቸው አንዱን ጋቢ አውልቀው ትከሻው ላይ ጣሉለት። በሩ ተዘጋና መኪናው ወደ ሶዶ መንገድ ወረደ።

ኦፕሬሽኑ ተሳካ። ከፋሲካ በኋላ አቶ ዳና በእግራቸው ሱቃችን መጥተው የጨንቻ ፖም አመጡልን፤ አጠገባቸው ሻንካ ነበር። የመሬቱ ጉዳይ እንዳላለቀ፣ በሽማግሌ ፊት እየተነታረኩበት እንደሆነ አስቴር ነግራኛለች። ለመስቀል ግን በአንድ ቤት ነበር የሚበሉት። እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩ። አሁን ሁለቱም የሉም። ዳንኤል ጂንካ ነው የሚኖረው፤ ያን ሰሞን ሳነሣበት ይስቃል፣ «አንቺ ነሽ የፈራሽው እንጂ እኔ መቼ ፈራሁ!» ይለኛል። እኔም አልከራከረውም።

እኔ እስከ ዛሬ ሰርግ አቀናብራለሁ። ኮምፒውተሮቹ አሁን ቀዝቃዛና ዝምተኛ ናቸው፤ እሳት ማሽተቱን ትቻለሁ። ግን ሰሞኑን ማንጎ እየላጥኩ እጄን ያቀዘቀዘው እሳቱ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ያኔ የፈራሁት ማሽኑ ምስሉን እንዳያጠፋብኝ ነበር። ዛሬ የምፈራው ሌላ ነው። አቶ ዳና «አትቁረጥ» ባይሉኝ ኖሮ፣ ያን ከአጥር ዳር የተነሣ፣ የተንቀጠቀጠ፣ በጉም የደበዘዘ ምስል በሥራዬ ልማድ አንዴ ነክቼ እቆርጠው ነበር። በደህናው ኮምፒውተር፣ በደህናው ቀን፣ ሻይዬን እየጠጣሁ። ማን እንደነበረም አላውቅም ነበር። አሁን ሥራ ላይ ሆኜ በር ዳር የቆመ የማላውቀው ሰው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ይቆማል። ማን ይሆን ይህን ሰው ለማየት የሚጠብቀው እላለሁ። ብዙ ጊዜ ማንም አይደለም። እኔ ግን ሳልቆርጥ እተወዋለሁ።